እንባ ጠባቂው ፖሊስ



በማኅበራችን አዳራሽ ስንሰባሰብ፣ ሻዩና ዳቦ ቆሎው ካለቀ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በአጀንዳው ላይ ያልተጻፈው ነው። በቅርቡም እንዲሁ ሆነ። ስለ ወጣቶቻችንና ስለ ፖሊስ ሲወራ አንድ አባት ብድግ አሉና፣ «የመብት ጉዳይ የሚያየውን ቢሮ ለምን ከፖሊስ በጡረታ ለወጣ ትልቅ መኮንን አይሰጡትም? የቤቱን ቀዳዳ የሚያውቀው የቤቱ ሰው አይደለም እንዴ?» አሉ። ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች ሳቁ። አንዲት ልጅ፣ «አባባ፣ ቀዳዳውን የሚያውቅ ሰው እኮ መድፈኛውንም ያውቃል» ብላ መለሰች። ሰብሳቢው ሰዓት ሞልቷል ብለው ጉባኤውን ዘጉት።

እኛ ግን ሁለቱም የተናገሩት እውነት ስለ መሰለን ነገሩ ሲያብሰለስለን ሰነበተ። ጥያቄው በአንድ ሰው ጠባይ ብቻ የሚመለስ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስር፣ ሲመረምር፣ ሲያዝዝ የኖረ መኮንን የተበደለውን ሰው አቤቱታ ሰሚ ሆኖ ሲሾም ምን ይዞ ይገባል? ምንስ ትቶ ይገባል? ይህንን በሚገባ ለማየት በዚህ ጽሑፍ የአንድ ሰውን የሥራ ዘመን እንመረምራለን፤ ከዚያም ወደ አገራችንና ወደ ራሳችን እንመለሳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። በዕብራይስጥ ይህ ሹመት «ኔጺቭ ትሉኖት» ይባላል፤ የቅሬታ ሹም እንደማለት ነው። በአማርኛ ግን «እንባ ጠባቂ» ነው። ኢትዮጵያ በ2000 በዐዋጅ የሰብአዊ መብት ኮሚሽንንና የእንባ ጠባቂ ተቋምን ባቋቋመች ጊዜ ይህ ስም የመንግሥት መጠሪያ ሆነ። ስሙን ያወጣው ማን እንደ ሆነ ባናውቅም እጁ ይባረክ እንላለን። ቅሬታ በወረቀት ተጽፎ በመሳቢያ ሊከተት ይችላል፤ እንባ ግን የሚያለቅስ ፊት አለው፤ የሚጠብቀውም ሰው ያን ፊት ማየት ግድ ይለዋል።

ወላጆቻችን ይህንን ስም ሲሰሙ ፈገግ ቢሉ አይፈረድባቸውም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ በሚኖርበት አገር ያደጉ ናቸው። በደርግ ዘመን በጎንደር ሻለቃ መላኩ ተፈራ ሲገዙ ወደ ሱዳን ለመሻገር መንገድ ላይ የተያዘ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሲመጣ ቆሞ ማሳለፍ፣ ሲጠይቅ አጭር መመለስ፣ ሲሄድ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት፤ ይህ የተማሩት ጥበብ ነበር፤ ብዙዎችንም አትርፏል። ስለዚህ ያ አባት ትልቅ መኮንን ይሾም ሲሉ ፖሊስን መውደዳቸው አይደለም። ኃይለኛን የሚረታው ሌላ ኃይለኛ ነው ማለታቸው ነው።

የፖሊስ ሹም ወደ ሲቪል ወንበር ሲሻገር ማየት ለቤር ሸቫ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከ1998 እስከ 2008 ከንቲባችን የነበሩት ያዕቆብ ቴርነር ከ1990 እስከ 1993 የእስራኤል ፖሊስ ጠቅላይ አዛዥ ነበሩ። ከዚያ በፊትም በአየር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ሰው ናቸው። የከንቲባነት ዘመናቸውን ለመተቸት እዚህ አልተነሣንም። ከንቲባ መንገድ ያሠራል፣ አርኖና ይሰበስባል፣ ቆሻሻ ያስነሣል፤ ትእዛዝ መስጠት የለመደ ሰው እዚያ ቢቀመጥ ብዙ አይቸገርም። የእኛ ጥያቄ ስለ ሌላ ዓይነት ወንበር ነው። በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ዋና ሥራው ቀድሞ የራሱ ወገን የነበሩትን መጠርጠር ነው።

እንዲህ ያለውን ወንበር የያዘና ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአደባባይ የተመዘገበ ሰው ስንፈልግ ያገኘነው ከእኛ በራቀ አገር፣ በሰሜን አየርላንድ ነው። ስማቸው አል ሐቺንሰን ይባላል። ካናዳዊ ናቸው። በካናዳ ንጉሣዊ ፈረሰኛ ፖሊስ ረጅም ዘመን አገልግለው እስከ ረዳት ኮሚሽነርነት ማዕረግ ደርሰዋል።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። በሰሜን አየርላንድ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች፣ በ1998 የሰላም ስምምነት እስኪፈረም ድረስ፣ ለ30 ዓመት ያህል በተካሄደ ግጭት ከ3,500 የማያንስ ሰው አልቋል። ፖሊሱ ራሱ ከግጭቱ ወገን አንዱ ሆኖ ይታይ ነበር። ከፖሊሶቹ ከአሥሩ አንዱ እንኳ ካቶሊክ አልነበረም፤ ብዙ ፖሊሶችም በታጣቂዎች እጅ ተገድለዋል፤ ስለዚህ ቂሙ በሁለቱም በኩል ነበር። በ1999 በክሪስ ፓተን የተመራው ኮሚሽን 175 የለውጥ ሐሳቦች አቀረበ። በ2001 የፖሊሱ ስም ተለወጠ፤ ከሚቀጠሩት ግማሹ ካቶሊክ፣ ግማሹ ሌላው እንዲሆን ታዘዘ። በዚህም ደንብ በአሥር ዓመት ውስጥ የካቶሊኮቹ ድርሻ ወደ 30 በመቶ ገደማ ደረሰ። (የእኛን ልጆች በፖሊስ ውስጥ ስለ መቅጠር ሲነገር ይህ ምሳሌ ለምን እንደማይነሣ ሁልጊዜ ይገርመናል።)

እነዚያ 175 ሐሳቦች በወረቀት ላይ እንዳይቀሩ የሚከታተል ከውጭ አገር የመጣ ተቆጣጣሪ ኮሚሽነር ተሾመ። የመጀመሪያው አሜሪካዊው ቶም ኮንስታንቲን ነበሩ፤ እሳቸውም የኒው ዮርክ ግዛት ፖሊስ አዛዥ የነበሩ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ሐቺንሰን ተተክተው እስከ 2007 ሠሩ። ይህ ሥራ በእኛ አስተያየት ለአንድ አሮጌ ፖሊስ የተገባ ሥራ ነበር። ሥልጠናው ተለውጧል ወይ? መዝገቡ እንዴት ይያዛል? አዛዡ ለማን ነው መልስ የሚሰጠው? በዚህ ጊዜ ከውስጥ የኖረ ሰው አይታለልም። ገና እየሠራነው ነው የሚለው መልስ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቀዋል፤ እሱም በዘመኑ ሲለው ኖሯልና። በስብሰባችን የተናገሩት አባት ይህንን ቢያዩ ኖሮ፣ አላልኳችሁም? ባሉን ነበር።

ነገር ግን በኅዳር 2007 ሐቺንሰን የአገሩ ሁለተኛው የፖሊስ እንባ ጠባቂ ሆነው ተሾሙ። የመጀመሪያዋ ኑአላ ኦሎን የሕግ መምህርት ነበሩ እንጂ ፖሊስ ሆነው አያውቁም። ወይዘሮ ኦሎን በ1998 በኦማ ከተማ 29 ሰው የገደለውን ፈንጂ የፖሊስ ምርመራ መርምረው በ2001 ባወጡት ሪፖርት የፖሊሱን አመራር በስም ጠቅሰው ተችተዋል፤ አዛዡም በብርቱ ተቆጥተዋል። ሹመታቸው እስኪያልቅ ድረስ በፖሊስ ዘንድ የተወደዱ አልነበሩም። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ነበር ለሐቺንሰን የተላለፈው።

በዚያ ቢሮ ከነበሩት መዝገቦች አንዱን ብቻ እንውሰድ። በታኅሣሥ 1971 በቤልፋስት የማክገርክ መጠጥ ቤት በፈንጂ ተደረመሰ፤ 15 ሰው ሞተ፤ ሁለቱ ገና ልጆች ነበሩ። ፖሊስ ፈንጂው በውስጥ የነበረ፣ ራሳቸው ደንበኞቹ ወይም ከእነርሱ ጋር ያለ ታጣቂ ያመጣው ነው የሚል ወሬ አሰራጨ። ስለዚህ ሟቾቹ ሟች ብቻ ሳይሆኑ ተጠርጣሪም ሆኑ። በ1978 ከፕሮቴስታንት ታጣቂዎች አንዱ በወንጀሉ ተፈረደበት፤ ይህም ሆኖ በቤተሰቦቹ ላይ የተለጠፈው ስም በይፋ አልተነሣም። ልጆች አድገው፣ አርጅተው፣ የወላጆቻቸውን ስም ለማጥራት ሲመላለሱ 40 ዓመት ሊሞላ ደረሰ።

የእንባ ጠባቂው ሪፖርት በሐምሌ 2010 ወጣ። ስሕተት ስለ ተገኘበት ቤተሰቦቹ ጮኹ፤ ሪፖርቱም ተመልሶ ተወሰደ። በየካቲት 2011 ሌላ ሪፖርት ወጣና የፖሊሱ ምርመራ ያዘነበለ እንደ ነበር ተናገረ። አንድ ቤተሰብ ይህን ያህል ዘመን ጠብቆ፣ እንባውን እንዲጠብቅ ከተሾመው ቢሮ የመጣውን የመጀመሪያ ወረቀት መልሶ ሲሰጥ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

በመስከረም 2011 የወንጀል ፍትሕ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስለ እንባ ጠባቂው ቢሮ ያወጣው ምርመራ ነገሩን አፍረጠረጠው። በአሮጌ ግድያዎች ላይ የተጻፉ ሪፖርቶች፣ በፖሊስ ላይ የሰነዘሩት ትችት እንዲለዝብ፣ በቂ ምክንያት ሳይሰጥ መለወጣቸውን አሳየ፤ የቢሮውም ነጻነት ዝቅ ማለቱን ገለጸ። የአሮጌ መዝገቦቹ ሥራ እንዲቆም ተመከረ። ሐቺንሰንም ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ በ2012 መጀመሪያ ሄዱ። ያንን ምርመራ የመሩት ማይክል ማግዋየር በዚያው ዓመት በቦታቸው ተተኩ። እሳቸውም ፖሊስ አልነበሩም።

እንግዲህ ትችታችን ምንድን ነው? ሐቺንሰን ክፉ ሰው ነበሩ ማለት አይደለም። ለፖሊስ ሲሉ አውቀው ዋሹ የሚል ማስረጃም አላየንም፤ እንዲህ ብሎ መጻፍም ተገቢ አይሆንም። እንዲያውም ነገሩን የሚያከብደው ቅንነታቸው ነው። በመጀመሪያው ሥራቸው የሚጠየቁት ጥያቄ «ተቋሙ ተሻሽሏል ወይ?» የሚል ነበር። በሁለተኛው ግን ጥያቄው «ተቋሙ ይህችን እናት ዋሽቷታል ወይ?» ሆነ። ለፊተኛው ጥያቄ የፖሊስ ዕውቀት ዐይን ይሆናል፤ ለሁለተኛው መጋረጃ ይሆናል። ፖሊስ የሠራ ሰው የፖሊስን ስሕተት ሲያይ ምክንያቱ አብሮ ይታየዋል፤ ሌሊት ነበር፣ ሰው አንሶ ነበር፣ መረጃው ገና አልጠራም ነበር። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። እናቲቱ ግን ምክንያት ልትሰማ አልመጣችም። የሚጽፈው እጅ ደግሞ ሳይታወቀው፣ «አዛብቷል» የሚለውን ቃል ትቶ «አልተሟላም» የሚለውን ይመርጣል። ከአንድ ቃል ወደ ሌላው ሲለዝብ ሲለዝብ ሪፖርቱ ሌላ ይሆናል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በእኛ አገር የፖሊስ ወንጀል የሚመረመረው በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ባለው፣ ሁላችንም «ማሐሽ» ብለን በምንጠራው ክፍል ነው። የተቋቋመው በ1992፣ ከላይ የጠቀስናቸው ቴርነር የፖሊስ አዛዥ በነበሩበት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ፖሊስ የራሱን ሰው ራሱ ነበር የሚመረምረው። ስለዚህ መቋቋሙ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ በምድር ላይ ያለ ሁሉ መጥፎ ነው የሚል ጽሑፍ ለመጻፍ አልተነሣንም። ሆኖም ለረጅም ዓመታት መርማሪዎቹ ከፖሊስ በውሰት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ነገ ተመልሰው ወደዚያው የሚሄዱበት፣ ዕድገታቸውም ያለው እዚያው ነበር። ሐቺንሰን ቢያንስ ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ፤ የመረመሯቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው አልነበሩም። የእኛ መርማሪ ግን ዛሬ የጠየቀውን መኮንን ነገ በካፌቴሪያ ሊያገኘው ይችላል። ከብዙ ክርክር በኋላ እነዚህ ሰዎች ቀስ በቀስ በሲቪል መርማሪዎች እየተተኩ መጥተዋል። ልማዱ ግን ከሰዎቹ ጋር አብሮ ይወጣል ወይስ በግድግዳው ላይ ይቀራል?

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም። ማሐሽ የሚመለከተው ከአንድ ዓመት እስራት በላይ የሚያስቀጣውን ወንጀል ነው። ከዚያ በታች ያለው፣ ስድቡ፣ ንቀቱ፣ ያለ ምክንያት ማስቆሙ፣ ወደ ፖሊስ ዲሲፕሊን ይመለሳል። የወጣቶቻችንን ልብ ያቆሰለው አብዛኛው ነገር ደግሞ ይኸው ትንሽ የተባለው ነው።

ታሪኩን ሁላችንም ስለምናውቀው ዳግም አናስረዝመውም። በሚያዝያ 2015 ወታደሩ ዳማስ ፓካዳ በሖሎን ሲደበደብ በካሜራ ታየ፤ ሰልፉ ከኢየሩሳሌም እስከ ቴል አቪቭ ተነሣ። በ2016 በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ ዘረኝነቱን ከቃል ወደ ጽሑፍ አወጣው፤ ከዚያም በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚታገል ክፍል ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ኃላፊም ከማኅበረሰባችን የወጡት ጠበቃ አወቀ ዜና ሆኑ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር የፖሊስ ጠቅላይ አዛዡ ሮኒ አልሼኽ በጠበቆች ጉባኤ ላይ ፖሊስ ኢትዮጵያውያንን አብልጦ መጠርጠሩ ተፈጥሯዊ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ንግግር አደረጉ። አዛዡ ይህን ሲናገሩ የተሳደቡ አልመሰላቸውም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሥራውን ሲያስረዳ ነበር። እኛም ያስደነገጠን ይኸው ነበር።

በጥር 2019 በባት ያም የ24 ዓመቱ ይሁዳ ብያድጋ ተገደለ። የአእምሮ ሕመም ነበረበት፤ ፖሊስ የጠራው ለእርዳታ ብሎ ቤተሰቡ ነበር። እኛ በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህንን ስንሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም፤ ምክንያቱም «አደጋ ሲመስላችሁ ፖሊስ ጥሩ» ብለን ለስንት ቤተሰብ መክረናል! መዝገቡ ያለ ክስ ተዘጋ። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ሰሎሞን ተካ በቂርያት ሐይም ተገደለ፤ በዚህኛው ተኳሹ ፖሊስ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰ።

ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ከከተማችን ብዙም በማይርቀው በኡም አል ሒራን፣ በጥር 2017፣ ቤት ለማፍረስ በተደረገ ዘመቻ የሒሳብ መምህሩ ያዕቁብ አቡ አልቂዓን በፖሊስ ጥይት ተገደሉ፤ ፖሊሱ ኤሬዝ ሌቪም በመኪናቸው ተገጭቶ ሞተ። የፖሊስ አለቆች ወዲያው ሽብር ነው አሉ። ያ ስም ከሟቹ ላይ ለማንሣት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ቤተሰቡን ይቅርታ ለመጠየቅ እስከ መስከረም 2020 ፈጀ። የቤልፋስቱን መጠጥ ቤት ያስታውሷል። እዚያም እዚህም የመጀመሪያው ጥያቄ የተጠየቀው ሟቹን ነበር።

ስለ መጀመሪያው ጥያቄ የራሳችንን ነገር እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ 16 ዓመቱ ነበር። ከኳስ ልምምድ ወደ ቤቱ ሲመለስ አስቁመውት፣ መሬት ላይ አስተኝተውት፣ ቦርሳውን ዘርግፈው፣ ምንም ሳያገኙ ለቀውታል። እናቲቱ ዕብራይስጥ ስለማይችሉ ለማስተርጐም አብረን አቤቱታ ወደሚቀበል አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። መሥሪያ ቤቱን በስም አንጠራውም፤ እዚህ ጽሑፍ ላይ ስማቸው ከተጠራው ክፍሎች አንዱም አይደለም። ተቀባዩ ከፖሊስ በጡረታ የወጡ መኮንን ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው። ለእናቲቱ ውኃ አመጡ፤ ወንበሩን ራሳቸው ሳቡላቸው። ከዚያ ብዕራቸውን አነሡና ልጁን፣ «ለምን ሮጥክ?» አሉት።

ልጁ አውቶቡስ ሊያመልጠው ስለ ነበር ሮጧል። ይህንኑ ተናገረ። እሳቸውም «ሲሮጥ ታየ» ብለው ጻፉ። ውሸት አልጻፉም። እናቲቱ ወደ እኛ ዞረው ምን እንደ ጠየቁት ሲጠይቁን፣ እኛ ጥያቄውን አለሳልሰን፣ «እንዴት እንደ ነበር ይንገረኝ ነው የሚሉት» ብለን ተረጐምነው። ሥራው ያለ ጭቅጭቅ እንዲያልቅ ፈልገን ነበር። እናቲቱ ግን ዕብራይስጥ ባይችሉም ፊት ማንበብ ይችላሉና፣ «ስለ መሮጡ ነው እንዴ የመጣነው?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። አቤቱታው «በቂ ምክንያት ስለ ነበረ» በሚል ተዘጋ።

ስለዚህ መኮንኑን ስንተች ራሳችንን ከውጭ አናቆምም። በቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ማኅበራዊ ሥራ ስንማር ባለሙያ ለሁለት ጌታ ማደሩን የሚመለከት ትምህርት ነበር፤ ፈተናውን አልፈን ረሳነው። በወጣት ላይ መዝገብ ሲከፈት ለፍርድ ቤት አስተያየት የሚጽፈው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ በዕብራይስጥ «ካጺን ሚብሓን» ነው የሚባለው። ካጺን ማለት መኮንን ነው! የደንብ ልብስ አልለበስንም እንጂ ማዕረጉስ ተሰጥቶናል። አንዳንዶቻችን ደመወዛችን ከዒሪያ፣ አንዳንዶቻችን ከሚኒስቴር ነው። ስለ አንድ ልጅ ስንጽፍ «ከሥልጣን ጋር ችግር አለበት» የሚለው ቃል እጃችን ላይ ቀድሞ ይመጣል። ሥልጣኑ ከልጁ ጋር ችግር እንዳለበት የጻፍንበት ወረቀት ካለ አላየነውም።

ያለፈ ሕይወት ብቻውን ሰውን አያጸድቅም፣ አይኰንንምም። በኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት ኮሚሽኑን ከ2019 እስከ 2024 የመሩት ዳንኤል በቀለ በሌላው መንገድ የመጡ ናቸው፤ ከ2005 ምርጫ በኋላ ታስረው እስከ 2008 በእስር ቆይተዋል። እሥር ቤትን ከውስጥ ማወቅ ለዚህ ሥራ ከማዕረግ የበለጠ ትምህርት ነው ብለን እናምናለን፤ ሆኖም ታሳሪ የነበረ ሁሉ ጥሩ ኮሚሽነር ይሆናል አንልም። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የከተማ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ሮበርት ማክብራይድ በ2014 ፖሊስን የሚመረምረው ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት የፖሊስ ሚኒስትሩ ከሥራ ሲያግዷቸው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በ2016 ሚኒስትሩ ብቻቸውን ይህንን ማድረግ እንደማይችሉ ወሰነ። ማክብራይድን ብዙ ሰው አይወዳቸውም፤ ውሳኔው ግን ወንበሩን ጠበቀው። ስለ ሹሙ ማንነት ስንከራከር ስለ ወንበሩ እግር መርሳት የለብንም፦ ማን ይሾመዋል? ማን ይሽረዋል? ሲጨርስ የት ይሄዳል?

በአገራችንም ከሁሉ የላቀው ድል የመጣው በትልቅ መኮንን ደግነት አልነበረም። ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ መታወቂያ ጠይቆ ሰውን እንዲያቆም ይፈቅድ የነበረውን መመሪያ ተቃውመው ተበቃና ሌሎች ድርጅቶች ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤት አሉ፤ ፍርድ ቤቱም በጥር 2021 መመሪያው ሕግ የለውም ብሎ ወሰነ። ይህ ውሳኔ በየቤቱ ቢነበብ እንወዳለን። ለልጆቻችሁ በዕብራይስጥ፣ ለእናቶቻችሁ በአማርኛ አንብቡላቸው።

ለዚያ አባትም መልሳችን ይኸው ነው። ጡረታ የወጣው መኮንን የፖሊስን ቤት እንዲያስተካክል ከተጠራ ይምጣ፤ ዕውቀቱ ይጠቅመናል፤ አማካሪ ይሁን፣ አሠልጣኝ ይሁን፣ የሥልጠናውን መጽሐፍ ያርም። የተበደለው ሰው ፊት ለፊት በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ግን፣ ደግ ቢሆን እንኳ፣ አናስቀምጠው። እዚያ የሚቀመጠው ሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ከአቤት ባዩ ሳይሆን ከፖሊሱ መጀመር የማይከብደው መሆን አለበት።

ያ 16 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ የጦር አገልግሎቱን ጨርሷል። ባለፈው ወር ወደ ቢሮአችን መጣ፤ ቁመቱ በሩን ሞልቶታል። ፖሊስ ለመግባት አመልክቶ ኖሮ የምስክርነት ደብዳቤ እንድንጽፍለት ጠየቀን። መጀመሪያ ዝም አልን። ከዚያ ጻፍንለት፤ ጥሩ ልጅ ነውና።

እናቱ በማግሥቱ ስልክ ደወሉ። ደብዳቤ መጻፋችንን ሰምተዋል። ይቆጡናል ብለን ስንፈራ፣ «እናንተ ልጆች፣ እኔ እንኳ ጠይቄዋለሁ» አሉን፤ «ማታ የሚሮጥ ልጅ ብታይ መጀመሪያ ምን ትለዋለህ? አልኩት።»

«ምን አለ?» አልናቸው።

«አስቤ እነግርሻለሁ አለ» አሉ።